በአካል ላይ የሚለበስ የአልትራቫዮሌት አየር ማጽጃ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በአየር ከሚተላለፉ ቫይረሶች ራሳቸውንና ቤተሰባቸውን ለመጠበቅ ሲሉ ይህን መሣሪያ ለመግዛት ወይም ለመሥራት የሚያስቡ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ከነመልሶቻቸው የሚከተሉት ናቸው።

በአካል ላይ የሚለበስ የአልትራቫዮሌት አየር ማጽጃ ምን ዓይነት መሣሪያ ነው?

አንድ ሰው የሚስበው አየር አፍንጫው ጋ ከመድረሱ በፊት በትንሽ ዝግ ሳጥን ውስጥ እንዲያልፍ፣ በሳጥኑ ውስጥ የሚበራው ጨረርም በአየሩ ላይ የተንሳፈፉትን ቫይረሶች እንዲያመክናቸው ተደርጎ የሚሠራ መሣሪያ ነው። ሳጥኑ ብዙ ጊዜ ወገብ ላይ ወይም ጀርባ ላይ ይታሰራል፤ ከእሱ የሚወጣው አየር በቱቦ አድርጎ ፊት ላይ ጥብቅ ብሎ ወደሚገጥም ማስክ ወይም ጭንቅላትን በሙሉ ወደሚሸፍን ቆብ ይገባል። የጨረር ምንጭ፣ ባትሪ፣ አየሩን የሚገፋ ማራገቢያና ጨረሩ ወደ ውጭ እንዳይወጣ የሚያግድ መከላከያ ዋና ዋና ክፍሎቹ ናቸው።

ገበያ ላይ «ዩቪ ማስክ» ተብሎ የሚጠራው ሁሉ ግን ይህን አያደርግም። ለምሳሌ ኤልጂ በ2020 ያስተዋወቀው በባትሪ የሚሠራ ማስክ አየሩን ያጠራ የነበረው በሄፓ ማጣሪያ፣ ማለትም በጣም ጥቃቅን ቅንጣቶችን በሚይዝ ማጣሪያ ነው፤ የአልትራቫዮሌት መብራቱ የነበረው ማስኩ ከጥቅም በኋላ በሚቀመጥበት መያዣ ውስጥ ነው። የተቀመጠ ማስክን ገጽታ ማጽዳትና እየተሳበ ያለን አየር ማጽዳት በጣም የተለያዩ ሥራዎች ስለሆኑ፣ ማንኛውንም ዕቃ ከመግዛትዎ በፊት ጨረሩ የሚያርፈው ምን ላይ እንደሆነ ማጣራት ያስፈልጋል።

ይህ ጨረር ከፀሐይ ጨረር በምን ይለያል? ቫይረሱንስ ምን ያደርገዋል?

አልትራቫዮሌት ጨረር እንደ ሞገዱ ርዝመት በሦስት ይከፈላል፦ ከ315 እስከ 400 ናኖሜትር (ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው) ያለው «ኤ»፣ ከ280 እስከ 315 ያለው «ቢ»፣ ከ100 እስከ 280 ያለው ደግሞ «ሲ» ይባላል። ከፀሐይ የሚነሣው «ሲ» በከባቢ አየር ውስጥ ባለው ኦዞንና ኦክስጅን ተውጦ ስለሚቀር መሬት ላይ አይደርስም፤ በመሣሪያዎቹ ውስጥ የምንጠቀመው ግን በትክክል እርሱን ነው። እናቶቻችን ፍራሽና ብርድ ልብስ ፀሐይ ላይ ማስጣታቸው መሠረት ያለው ልማድ ነው፤ ይሁን እንጂ እዚያ የሚሠራው በአብዛኛው «ቢ» እና ድርቀቱ ሲሆን፣ ውጤቱም የሚገኘው ዘግይቶ ነው። የሚለበሰው መሣሪያ ያለው ጊዜ ግን አንድ ሰከንድ ወይም ከዚያ ያነሰ ነው።

ጨረሩ ቫይረሱ ላይ ሲያርፍ በዘረ መሉ ውስጥ ጎን ለጎን ያሉ ሞለኪውሎችን እርስ በርስ ያጣብቃቸዋል፤ በዚህም ምክንያት የዘረ መሉን ቅጂ ማውጣት አይቻልም። ቫይረሱ አይጠፋም፣ አይተንም፤ ሰውነታችን ውስጥ ቢገባም መራባት ስለማይችል ግን አያሳምምም። ለዚህ ሥራ ከሁሉ የሚስማማው የሞገድ ርዝመት 265 ናኖሜትር አካባቢ ሲሆን፣ የተለመደው የሜርኩሪ መብራት 254፣ አዳዲሶቹ ኤልኢዲዎች ደግሞ ከ265 እስከ 280 ያለውን ያወጣሉ።

በአየር ላይ ያለ ተሕዋስን በጨረር ማምከን እንደሚቻል በምን ታወቀ?

ይህ በኮሮና ዘመን የተፈጠረ ሐሳብ አይደለም። አሜሪካዊው ዊሊያም ዌልስ በ1930ዎቹ ከሰው አፍ የሚወጡ ጥቃቅን ጠብታዎች መሬት ሳይደርሱ ደርቀው ለረጅም ጊዜ እንደሚንሳፈፉ አሳየ፤ ቀጥሎም በፊላደልፊያ አካባቢ ባሉ ትምህርት ቤቶች የመማሪያ ክፍሎቹን ላይኛ አየር በአልትራቫዮሌት በማብራት፣ በ1941 ኩፍኝ በከተማው ሲዛመት መብራት በነበራቸው ክፍሎች የታመሙት ልጆች በጣም ጥቂት መሆናቸውን አስመዘገበ። ከእርሱ በኋላ ሪቻርድ ራይሊ በባልቲሞር የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል ከሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን ክፍል የሚወጣውን አየር ጊኒ ፒግ የተባሉ እንስሳት ወዳሉበት ክፍል እንዲገባ አድርጎ፣ አየሩ ሳይበራ የደረሳቸው ሲያዙ በጨረር አልፎ የደረሳቸው ግን እንዳልተያዙ አሳየ። በፔሩ ዋና ከተማ በሊማ ተመሳሳይ ሙከራ ተደርጎ በ2009 በታተመው ውጤት መሠረት፣ ምንም መከላከያ ካልተደረገላቸው እንስሳት 35 በመቶው ሲያዙ፣ የላይኛው አየር በጨረር በሚበራበት ጊዜ የተጋለጡት ግን 9.5 በመቶ ብቻ ነበሩ።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ ብዙ ጊዜ የማይነገረው ክፍል ለእኛ ጥያቄ ከሁሉ ይበልጥ የሚጠቅመው ነው። የዌልስን ውጤት ለማረጋገጥ በኒው ዮርክ ግዛት የገጠር ትምህርት ቤቶች የተደረገው ሙከራ ያንን ያህል ልዩነት አላሳየም፤ ልጆቹ በክፍል ውስጥ ቢጠበቁም ወደ ትምህርት ቤት የሚመጡት በአንድ አውቶቡስ ታጭቀው ነበርና በሽታው እዚያው ይተላለፍ ነበር። መብራቱ ሥራውን አልተወም፤ ልጆቹ ግን መብራቱ ከሌለበት ቦታ ነበሩ። ጥበቃው ከቦታው ጋር ሳይሆን ከሰውየው ጋር ይሂድ የሚለው ሐሳብ ከዚህ ችግር የሚነሣ ነው፤ እኔም የሚለበሰውን መሣሪያ በቁም ነገር መመልከት አለብን የምለው በዚሁ ምክንያት ነው።

ክፍል ውስጥ ከሠራ አፍንጫዬ ላይ ለመሥራት ምን ያስቸግረዋል?

የሚያስቸግረው ጊዜ ነው። ጨረር የሚያመክነው በመጠኑ ሲሆን፣ መጠን ማለት ደግሞ የብርሃኑ ጥንካሬ በቆይታ ጊዜ ሲባዛ የሚገኘው ነው። በክፍል ጣሪያ ሥር የሚበራው ጨረር ጥንካሬው በካሬ ሴንቲ ሜትር ከ30 እስከ 50 ማይክሮዋት (ማይክሮዋት የሚሊዋት አንድ ሺኛ ነው) ቢሆን ይበቃዋል፤ ምክንያቱም የክፍሉ አየር ወደ ላይ ወጥቶ ይቆያል፣ ይወርዳል፣ ተመልሶም ይወጣል። የሚለበሰው ሳጥን ግን አየሩን የሚያገኘው አንድ ጊዜ፣ እርሱም ሲያልፍ ብቻ ነው።

በተለምዶ «ሃይላንድ» የምንለውን የግማሽ ሊትር የውሃ ጠርሙስ ያህል የሆነ ሳጥን እናስብ። አንድ ሰው ተቀምጦ ሲተነፍስ በደቂቃ ከ6 እስከ 8 ሊትር አየር ይስባል ይባላል፤ ይህ ቁጥር ግን አማካይ ስለሆነ ያሳስታል። አየር የምንስበው በእያንዳንዱ ትንፋሽ ከፊል ጊዜ ብቻ በመሆኑ፣ በምንስብበት ቅጽበት ፍሰቱ ወደ 30 ሊትር በደቂቃ ይደርሳል፤ ይህም በሰከንድ ግማሽ ሊትር ነው። ስለዚህ አየሩ በሳጥኑ ውስጥ የሚቆየው አንድ ሰከንድ ነው። ያው ሰው ዕቃ ተሸክሞ ሦስት ፎቅ ደረጃ ሲወጣ ፍሰቱ 100 ሊትር በደቂቃ ሊያልፍ ይችላል፣ ቆይታውም ወደ 0.3 ሰከንድ ይወርዳል። በአየር ላይ የተንሳፈፉ የኮሮና ዓይነት ቫይረሶችን 99.9 በመቶ ለማምከን በ254 ናኖሜትር 2 ሚሊጁል በካሬ ሴንቲ ሜትር ገደማ ያስፈልጋል ብንል (አንድ ሚሊጁል ማለት የአንድ ሚሊዋት ብርሃን በአንድ ሰከንድ የሚሰጠው መጠን ነው)፣ ለተቀመጠው ሰው የሳጥኑ ውስጥ ብርሃን 2 ሚሊዋት፣ ደረጃ ለሚወጣው ደግሞ ወደ 7 ሚሊዋት በካሬ ሴንቲ ሜትር መሆን አለበት። የመጀመሪያው ብቻ እንኳ ከክፍሉ ጣሪያ መብራት 50 እጥፍ ገደማ ይበረታል።

ይህ የማይቻል አይደለም፤ ሆኖም ሳንቲም የምታህል ኤልኢዲ ማስክ ጫፍ ላይ ለጥፎ የሚገኝ ነገር አይደለም። የብዙ ርካሽ ዕቃዎች ጉድለት ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ሻጩ የሚያሳየው ውጤት ተሕዋስን ሳህን ላይ አስቀምጦ ለብዙ ደቂቃ በማብራት የተገኘ ሊሆን ይችላል፣ የእርስዎ ትንፋሽ ግን ደቂቃ አይጠብቅም።

በደንብ የተሠራ ሳጥን ውስጡ ምን ይመስላል?

ከሁሉ በፊት ግድግዳው አንጸባራቂ ነው። ጨረሩ አንድ ጊዜ ግድግዳ መትቶ ከተዋጠ ባክኗል፤ ደጋግሞ ከነጠረ ግን ያው ብርሃን ብዙ ጊዜ ይሠራል። 80 በመቶ የሚያንጸባርቅ የአሉሚኒየም ግድግዳ በሐሳብ ደረጃ ብርሃኑን እስከ 5 እጥፍ ያበረታዋል፤ 95 በመቶ የሚያንጸባርቅ ወፍራም ነጭ ቴፍሎን ደግሞ እስከ 20 እጥፍ ሊያደርሰው ይችላል፣ ምንም እንኳን የአየር መግቢያና መውጫ ቀዳዳዎች ከዚህ የሚቀንሱት ቢሆንም። ተራ መስተዋት ለዚህ አያገለግልም፤ ከብርጭቆ ጀርባ ያለ አንጸባራቂ ሁሉ ጨረሩ እርሱ ጋ ከመድረሱ በፊት ብርጭቆው ይውጠዋል። በዚሁ ምክንያት የመብራቱ መሸፈኛ ጨረሩን የሚያሳልፈው ብርጭቆ መሰል ኳርትዝ መሆን አለበት።

ሁለተኛው አየሩ አቋራጭ እንዳያገኝ ማድረግ ነው። በሳጥኑ መካከል በቀጥታ ሽው ብሎ የሚያልፍ አየር ካለ፣ ማዕዘን ላይ የሚዞረው አየር ከሚገባው በላይ ጨረር እያገኘ የሚያልፈው ግን ጥቂት ብቻ አግኝቶ ይሄዳል፤ የሚያሳምመው ደግሞ ያ ያመለጠው ነው። ስለዚህ ጥሩ ሠሪዎች አየሩ በቀዳዳ በተሞላ ክፋይ ውስጥ ገብቶ በእኩል እንዲሰራጭ ያደርጋሉ። የፕላስቲክ ክፍሎች ጨረሩ በቀጥታ እንዳያገኛቸው መደረግም አለበት፤ ይህ ጨረር ፕላስቲክን እያደረቀ ያሰባብረዋል፣ ሽታም ያመጣል።

ባትሪው ስንት ሰዓት ያቆያል?

አልትራቫዮሌት «ሲ» የሚያወጡ ኤልኢዲዎች ከሚበሉት ኤሌክትሪክ ወደ ጨረር የሚለውጡት ጥቂት መቶኛ ብቻ ነው፤ የቀረው ሙቀት ይሆናል። ከላይ ለጠቀስነው የጠርሙስ ያህል ሳጥን፣ ግድግዳው በደንብ ካንጸባረቀ፣ 150 ሚሊዋት ገደማ ጨረር ቢበቃ እንኳ ኤልኢዲዎቹ 5 ዋት ያህል ይበላሉ። ማራገቢያው 1 ዋት ቢጨምር፣ ብዙዎቻችን ለስልክ የምንይዘው 10,000 ሚሊአምፒር ሰዓት የሆነ ፓወር ባንክ፣ በመካከል የሚባክነው ተቀንሶ፣ 5 ሰዓት ገደማ ያሠራዋል። ለአንድ ጉዞ ወይም ለክሊኒክ ቀጠሮ ይበቃል፤ ለሙሉ የሥራ ቀን ግን ሁለተኛ ባትሪ መያዝ ግድ ነው። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ለሚኖር ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ማታ ያልተሞላ ባትሪ ጠዋት ጥበቃ የለም ማለት ነውና።

ሙቀቱም ጉዳይ አለው። 5 ዋት የሚጠጋ ሙቀት ከሚስቡት አየር አጠገብ ስለሚፈጠር፣ ሙቀቱን ወደ ውጭ የሚበትን ብረት ከሌለ የሚመጣው አየር ይወብቃል፣ ኤልኢዲዎቹም ሲግሉ የሚያወጡት ጨረር ይቀንሳል።

ዓይኔንና ቆዳዬን ይጎዳኛል?

ጨረሩ ከሳጥኑ ካልወጣ አይጎዳም፤ ከወጣ ግን በእርግጥ ይጎዳል። ለ254 ናኖሜትር የተቀመጠው የሥራ ቦታ ገደብ በ8 ሰዓት ውስጥ 6 ሚሊጁል በካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። በሳጥኑ ውስጥ ያለው ብርሃን 2 ሚሊዋት ከሆነ፣ ክዳኑ ተከፍቶ ያው ብርሃን ዓይን ላይ ቢያርፍ የቀኑ ሙሉ ገደብ በ3 ሰከንድ ያልቃል። ጉዳቱ ወዲያው አይሰማም፤ ከሰዓታት በኋላ፣ ብዙ ጊዜም ሌሊት ላይ፣ ዓይን ውስጥ አሸዋ የተበተነ ያህል ይቆረቁራል፣ ያስለቅሳል፣ ብርሃን ማየት ያስቸግራል። ያለ መከላከያ ብየዳ የሠራ ወይም አጠገቡ ቆሞ የተመለከተ ሰው ይህን ሕመም በሚገባ ያውቀዋል፤ ምክንያቱም ያው ዓይነት ጉዳት ነው።

መፍትሔው ቀላል ነገር ግን የማይታለፍ ነው፦ አየር ጥግ ይዞራል፣ ብርሃን ግን ቀጥ ብሎ ይሄዳል። መግቢያና መውጫው ሁለት ሦስት ጊዜ የሚጠማዘዝና ውስጡ ጥቁር የሆነ መተላለፊያ ካለው አየሩ ያልፋል፣ ጨረሩ እዚያው ይዋጣል። ክዳኑ ሲከፈት መብራቱን በራሱ የሚያጠፋ ማብሪያ ማጥፊያ ሊኖረውም ይገባል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2022 በእጅ እየተያዙ ዕቃ ላይ የሚያበሩ አንዳንድ የአልትራቫዮሌት ዱላዎች በሰከንዶች ውስጥ ጉዳት ሊያደርሱ የሚችሉ መሆናቸውን አስጠንቅቋል፤ ልጆች ባሉበት ቤት እንዲህ ያለ ክፍት መብራት ባይገባ እመርጣለሁ።

መሣሪያው ሲበራ የሚሸተው ነገር ምንድን ነው?

መብረቅ ከጣለ በኋላ ወይም ፎቶ ኮፒ ማሽን አጠገብ የሚሸተውን ሹል ሽታ የሚመስል ከሆነ ኦዞን የተባለው ሳንባን የሚጎዳ ጋዝ ነው፤ መተንፈስ የለብዎትም። ኦዞን የሚፈጠረው ከ240 ናኖሜትር ገደማ በታች ያለ ጨረር ኦክስጅንን ሲሰነጥቀው ነው። አንዳንድ የሜርኩሪ መብራቶች ከ254 ጋር 185 ናኖሜትርም ያወጣሉ፤ ይህን የሚያግድ ልዩ ኳርትዝ ያላቸው «ኦዞን አልባ» ተብለው ይሸጣሉ፣ ለመተንፈሻ የሚሆኑትም እነዚህ ብቻ ናቸው። ከ265 እስከ 280 የሚያወጡ ኤልኢዲዎች ኦዞን አይፈጥሩም። ለሕክምና መሣሪያዎች የአሜሪካ ደንብ የሚፈቅደው የኦዞን መጠን ከሚሊዮን 0.05 ክፍል ብቻ ነው፤ አስም ያለበት ሰው ደግሞ ከሌላው ቀድሞ ይጎዳል።

ከኤን 95 ማስክ ይበልጣል?

ለአብዛኛው ሰው፣ ለአብዛኛው ጊዜ አይበልጥም። በሚገባ የገጠመ ኤን 95 ለማጥራት ከሁሉ የሚያስቸግሩትን 0.3 ማይክሮን ገደማ የሆኑ ቅንጣቶች እንኳ ቢያንስ 95 በመቶ ያስቀራል፣ ባትሪ አይፈልግም፣ ድምፅ የለውም፣ ኪስ ውስጥ ይገባል። ጨረሩ 99.9 በመቶ ቢያመክንም፣ ማስኩ በጉንጭ በኩል 10 በመቶ አየር የሚያስገባ ከሆነ ጥበቃው ከ90 በመቶ አይበልጥም። ሰዎች ስለ መብራቱ ብዙ ይጠይቃሉ፣ ስለ ጉንጫቸው ግን አይጠይቁም፤ ልዩነቱን የሚያመጣው ግን በአብዛኛው እርሱ ነው።

ጨረሩ ብልጫ የሚያሳየው ማጣሪያ የሚያስቸግርበት ቦታ ነው። ማጣሪያ አየሩን ስለሚያግድ ሳንባው የደከመ ሰው ለረጅም ጊዜ ሊታገሠው አይችል ይሆናል፤ የጨረር ሳጥን ግን ባዶ መተላለፊያ ስለሆነ ትንፋሽ አይከብድበትም። ጢም ያለው ሰው፣ ለምሳሌ ጢሙን የማይላጭ ካህን ወይም ሼህ፣ ጥብቅ ማስክ ስለማይገጥምለት አየር እየተገፋ የሚገባበት ልል ቆብ ይሻለዋል። እዚህ ላይ ግን ሌላ ስሌት ይመጣል፦ ለልል ቆብ በአሜሪካ ደረጃ የሚጠየቀው ፍሰት በደቂቃ 170 ሊትር ስለሆነ፣ አየሩ በጠርሙሱ ሳጥን ውስጥ የሚቆየው 0.2 ሰከንድ እንኳ አይሞላም። ወይ ሳጥኑ ይተልቃል፣ ወይ ብርሃኑ ይበረታል፣ ወይም ሠሪው ትቶት ሄፓ ማጣሪያ ይጠቀማል፤ ብዙዎቹ ባለሙያዎችም የሚመርጡት የመጨረሻውን ነው።

ጭስና አቧራስ ያጠራልኛል?

አያጠራም። ጨረር የሚያመክን እንጂ የሚይዝ አይደለም፤ የማገዶ ጭስ፣ የመንገድ አቧራና የናፍጣ ጥላሸት እንዳሉ ያልፋሉ። እንዲያውም አቧራ ግድግዳውንና መብራቱን እየሸፈነ ጨረሩን ስለሚያዳክመው፣ መግቢያው ላይ የሚታጠብ ወይም የሚለወጥ ስስ ማጣሪያ ማድረግ ያስፈልጋል።

ሕመሙ እኔ ጋ ቢሆን፣ የማስወጣው ትንፋሽ ሌሎችን ይጎዳል?

አብዛኞቹ መሣሪያዎች የሚያጸዱት የሚገባውን አየር ብቻ ነው፤ የሚወጣው በቫልቭ በኩል እንዳለ ይወጣል። ታማሚ ዘመድዎን ለመጠየቅ ወይም ሕፃን ካለበት ቤት ለመግባት ካሰቡ ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። የሚወጣውንም በጨረር የሚያሳልፉ አሠራሮች ይቻላሉ፤ ነገር ግን ከሳንባ የሚወጣው አየር እርጥበት ያለው በመሆኑ በቀዝቃዛ ጠዋት ግድግዳው ላይ እንፋሎት ይይዛል፣ ብርሃኑም ይዳከማል። መውጫው ላይ ማጣሪያ ማድረግ ይቀላል።

አንገት ላይ የሚንጠለጠሉት ትንንሽ መሣሪያዎች ይሠራሉ?

እነዚህ በአብዛኛው አየሩን በኤሌክትሪክ የሚሞሉ እንጂ ጨረር ያላቸው አይደሉም፤ አንዳንዶቹም ኦዞን ያመነጫሉ። ከሁሉ በላይ ግን ዝግ መንገድ የላቸውም። በአፍንጫዎና በአካባቢው አየር መካከል ምንም ግድግዳ ከሌለ፣ የሚስቡት አየር በዚያ መሣሪያ በኩል እንዲመጣ የሚያስገድደው ነገር የለም። በእነዚህ ላይ ተማምኖ ማስኩን የሚያወልቅ ሰው ስላለ ብቻ ጎጂ ናቸው ብዬ እመልሳለሁ።

222 ናኖሜትር ሰውን አይጎዳም ይባላል፤ እርሱን ለምን አንለብሰውም?

222 ናኖሜትር የሚያወጣው የክሪፕተን ክሎራይድ መብራት ነው። ይህ ጨረር በቆዳ ላይኛው የሞተ ሽፋንና በዓይን ላይ ባለው የእንባ ሽፋን አብዛኛው ስለሚዋጥ፣ ሕያው ሕዋሳት ጋ የሚደርሰው በጣም ጥቂት ነው። በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የዴቪድ ብሬነር ቡድን በ2020 ባሳተመው ጥናት ጉንፋን የሚያመጡ ሁለት የኮሮና ቫይረስ ዓይነቶች በአየር ላይ እንዳሉ ከ2 ሚሊጁል በማይበልጥ መጠን 99.9 በመቶ መምከናቸውን አሳይቷል። በ2022ም የአሜሪካ የሥራ ቦታ ጤና ባለሙያዎች ጉባኤ ለዚህ ሞገድ የነበረውን ገደብ ከፍ አድርጎ፣ ለዓይን 160 ገደማ፣ ለቆዳ 480 ገደማ ሚሊጁል በካሬ ሴንቲ ሜትር በ8 ሰዓት አድርሶታል።

ሆኖም «አይጎዳም» የሚለው ቃል ገደብ አለው። መብራቱ ከ222 ጋር ረዘም ያሉ ጎጂ ሞገዶችንም በጥቂቱ ስለሚያወጣ እነዚህን የሚያግድ ማጣሪያ ከሌለው ሌላ ነገር ነው፤ ጥቂት ኦዞንም ይፈጥራል፣ እርሱም አየር በማይለወጥበት ጠባብ ቦታ ይከማቻል። ለመልበስ ደግሞ መብራቱ ከፍተኛ ቮልቴጅ ይፈልጋል፣ በዚህ ሞገድ የሚሠሩ ኤልኢዲዎች ገና በጣም ደካሞች ናቸው። ስለዚህ ለጊዜው ቦታው ሰው የሚሰበሰብበት ክፍል ጣሪያ ነው፣ የሰው ደረት አይደለም።

ቫይረሱ እየተለዋወጠ ጨረሩን ሊለምደው ይችላል?

አዳዲስ ዝርያዎች የክትባትን ጥበቃ የሚያልፉት የላይኛ ፕሮቲናቸውን በመለወጥ ነው። ጨረሩ የሚመታው ግን ራሱን ዘረ መሉን ስለሆነ፣ ያ ለውጥ ከእርሱ አያድናቸውም። በቫይረስ ዓይነቶች መካከል ግን የተፈጥሮ ልዩነት አለ፦ ባለ ነጠላ ፈትል አርኤንኤ የሆኑት ኮሮናና ኢንፍሉዌንዛ ቶሎ ይመክናሉ፤ ባለ ሁለት ፈትል ዲኤንኤ የሆነው አዴኖ ቫይረስ በ254 ናኖሜትር ብዙ እጥፍ መጠን ይፈልጋል፣ የሻጋታ ዘሮችም ከዚያ የበለጠ ይቋቋማሉ። «ሁሉንም ጀርም ይገድላል» የሚል ማስታወቂያ ሲያዩ የየትኛው ጀርም፣ በስንት መጠን ብለው ይጠይቁ።

ለመግዛት ብወስን ሻጩን ምን ልጠይቀው?

የመጀመሪያው ጥያቄ ፍሰቱን የሚመለከት ነው፦ «99.9 በመቶ» የተባለው በደቂቃ ስንት ሊትር አየር ሲያልፍ ነው? መልሱ 10 ሊትር ከሆነ የተኛ ሰው መሣሪያ ነው። ሁለተኛ፣ የተሞከረው በአየር ላይ በተንሳፈፈ ተሕዋስ ነው ወይስ ሳህን ላይ? ሦስተኛ፣ ጨረርና ኦዞን ከውጭ ተለክቷል ወይ፣ ማንስ ለካው? አራተኛ፣ የሞገዱ ርዝመት ስንት ነው? በዝቅተኛ ዋጋ የሚሸጡ አንዳንድ ዕቃዎች ሐምራዊ ብርሃን የሚያበራ 395 ወይም 405 ናኖሜትር ኤልኢዲ የተገጠመላቸው ናቸው፤ ይህ የብር ኖት ለመፈተሽ ይጠቅማል፣ በአንድ ሰከንድ ቫይረስ ለማምከን ግን አይረዳም።

ሻጩ ለእነዚህ መልስ ከሌለው ገንዘብዎን በጥሩ ማስክ ላይ ቢያውሉት እመክራለሁ።

የውሃ ማጣሪያ ወይም የዓሣ ገንዳ መብራት ገዝቼ ራሴ ብሠራውስ?

እጁ የሠለጠነ ሰው የማይሠራው ነገር አይደለም፤ ቢሆንም ከጠባቂነቱ ይልቅ አደጋው ይቀድማል። የሜርኩሪ ቱቦው እንደ ብርጭቆ የሚሰበር ኳርትዝ ስለሆነ፣ ወድቀው ወይም ተጋጭተው ሲሰበር ሜርኩሪው የሚተነው በቀጥታ እርስዎ ወደሚስቡት አየር ነው። ጨረሩን የሚለካ መሣሪያ ከሌለዎት ሳጥኑ በቂ መጠን መስጠቱን አያውቁም፤ ከጥማዝ መተላለፊያው የሚያፈተልክ መኖሩንም አያዩም፣ ጨረሩ ለዓይን አይታይምና። መሥራት ለሚወዱ ሰዎች የምመክረው ማራገቢያና ጥሩ ማጣሪያዎችን በካርቶን አጋጥሞ የክፍል አየር ማጥሪያ መሥራት ነው፤ ቢሳሳቱ የሚጎዳ የለም፣ ለቤተሰቡም ሁሉ ይጠቅማል።

እንግዲያው ይህ መሣሪያ ለማን ነው?

ሐምሌ ላይ፣ ዝናብ እየጣለ፣ ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ የተቀመጡበትን ጠዋት ያስቡ። መስኮቶቹ ሁሉ ተዘግተው በእንፋሎት ደፍነዋል፣ ከኋላ አንድ ሰው ያስላል፤ ሌላው መስኮት ገርበብ ሲያደርግ «ኧረ ዝጋው፣ ብርድ ይመታናል» የሚል ድምፅ ይነሣል። ሌላው ተሳፋሪ እንዲህ ካለው ጉዞ በኋላ ጉንፋን ቢይዘው ሳምንት ይቆይበታል፤ የኩላሊት ንቅለ ተከላ ተደርጎላት የመከላከል አቅሟን የሚቀንስ መድኃኒት የምትወስድ ሴት ግን ሆስፒታል ልትገባ ትችላለች። በሳንባ ነቀርሳ ክፍል በየቀኑ ለሰዓታት የምትሠራ ነርስም እንዲሁ ከሌላው የተለየ ሸክም አለባት። እንዲህ ላሉ ሰዎች፣ በሚገባ የገጠመ ማስክ የማይበቃ ወይም የማይቻል ሲሆን፣ በደንብ የተለካ የጨረር ሳጥን ተጨማሪ ጥበቃ ሊሆን ይችላል።

ለቀረነው ግን ያንን መስኮት መክፈት ይቀድማል። የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ከ2023 ጀምሮ ሰው ለሚቀመጥባቸው ክፍሎች በሰዓት ቢያንስ 5 ጊዜ የሚለወጥ ንጹሕ አየር እንዲታለም ይመክራል፤ እየሄደ ባለ ታክሲ ውስጥ ሁለት መስኮት በትንሹ መከፈቱ ከዚህ ብዙ ያልፋል። ብርድ ራሱ ቫይረስ አያመጣም፤ የተዘጋው መስኮት ግን አንዱ ያወጣውን ትንፋሽ ለሌላው ያቀብለዋል።

መብራቱ መሥራት ቢያቆም በምን አውቃለሁ?

ከሁሉ የሚያስቸግረው ጥያቄ ይህ ነው። ማጣሪያ ሲደፈን ትንፋሽ ይከብዳል፣ ሲቀደድ ይታያል፤ የጨረር መብራት ግን በዝምታ ይደክማል። የሜርኩሪ መብራት ላይ የምናየው ሰማያዊ ብርሃን የሚያመክነው ጨረር አይደለም፤ አብሮት የሚወጣ የሚታይ ብርሃን ብቻ ነው። እንዲህ ያሉ መብራቶች ዕድሜያቸው 9,000 ሰዓት ገደማ ሲሆን፣ በዚያ መጨረሻ ላይም ሰማያዊው እንደበራ የማይታየው ጨረር ግን በብዙ ቀንሶ ሊገኝ ይችላል። አቧራ፣ የጣት አሻራ ቅባትና የእንፋሎት ጠብታም ያንኑ ያደርጋሉ፤ ማራገቢያው እያዞረ፣ አመልካች መብራቱ እየበራ፣ አየሩ ሳይመክን ያልፋል።

ስለዚህ በእኔ አመለካከት ሳጥኑ ውስጥ «ሲ» ጨረርን ብቻ የሚለካ ትንሽ ዳሳሽ የሌለው፣ መጠኑም ሲወርድ በድምፅ የማያስጠነቅቅ መሣሪያ ለታመመ ሰው ሊሸጥ አይገባም። ዳሳሽ የሌለው ካለዎት የአገልግሎት ሰዓቱን በደብተር ይያዙ፤ መሣሪያውን ከኤሌክትሪክ ነቅለው፣ መብራቱ ከቀዘቀዘ በኋላ፣ ኳርትዙን አልኮል በነካ ንጹሕ ጨርቅ በየጊዜው ይጥረጉ፣ በባዶ እጅም አይንኩት። ጨረር ሲያርፍባቸው ቀለም የሚለውጡ መፈተሻ ካርዶች ይሸጣሉ፤ አንዷን መብራቱ ጠፍቶ ሳለ ሳጥኑ ውስጥ ያስቀምጡ፣ ክዳኑን ይዝጉ፣ ለተወሰነ ሰከንድ አብርተው ካጠፉ በኋላ ብቻ ከፍተው ይመልከቱ፤ ቀለሙ መሣሪያው አዲስ ሳለ ካሳየው የደበዘዘ ከሆነ መብራቱን የሚለውጡበት ጊዜ ደርሷል።